መስቀል ላይ ቤት ሊገዙ ላሰቡ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከቡኢ

ውድ አንባቢ፣

የምጽፍልዎ ከቡኢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ ጢያን አልፈው ከሚያገኟት የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ። መስቀል ሲቃረብ ከመርካቶም፣ ከአዳማም፣ ከባሕር ማዶም ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ወሬው ወደ ቤትና ወደ ቦታ ይዞራል፤ እገሌ ሸጠ፣ እገሊት ገዛች፣ አስፋልት ዳር ያለው ቦታ ካሬው ስንት ገባ። ደላላ በዓል አያውቅም፤ ያቺ ሰሞን የሥራው ወቅት ናት። በዚህ መሀል ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ጥያቄ ይጥላል፦ «እኛ ዘንድ እኮ ቤት ለገዛ ሰው መንግሥት ከግብሩ ላይ ይመልስለት ነበር። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም?»

አጭሩ መልስ «የለም» ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ረጅሙን መልስ ለመስጠት ነው፤ «የለም» የሚለውን ብቻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ያለውንም ሲያጡት አያለሁና።

በእኛም አገር ሕግ ቤት ለሚገዛና ለሚሠራ ሰው የሚያደርገው ቅናሽ አለ። በሊዝ መነሻ ዋጋ በምደባ የሚሰጥ ቦታ ቅናሽ ነው። የኖሩበትን ቤት ሸጠው ከትርፉ ላይ ግብር አለመክፈል ቅናሽ ነው። በቁጠባ የሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመንግሥት ድጎማ አለ። እያንዳንዱ ግን በር ጠባቂ አለው። ማን ነህ? ምን አለህ? ከማን ገዛህ? እስከ መቼ ትቆያለህ? እያለ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር የሚገናኘው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመው፣ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ነው። ያን ጊዜ መልሱ ተወስኖ አልቋል።

የአሜሪካውን ላስቀድም፤ የጥያቄዎቹን ባሕርይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የአሜሪካ የቤት ገበያ ሲንኮታኮት ኮንግረሱ በሐምሌ ወር አንድ ሕግ አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ 10 በመቶውን፣ ቢበዛ እስከ 7,500 ዶላር፣ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀነስለታል የሚል ነው። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን «ታክስ ክሬዲት» የሚሉት ይህንን ነው። ከግብሩ የሚተርፍ ካለ በጥሬው ይመለሳል፤ የ3,000 ዶላር ግብር ያለበት ሰው ግብሩ ተሰርዞለት 4,500 ዶላር በእጁ ይገባል ማለት ነው። ስጦታ የመሰለው ብዙ ነበር። ነገር ግን የ2008ቱ ገንዘብ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ነበር፤ ሙሉውን ያገኘ ሰው በየዓመቱ 500 ዶላር እየመለሰ በ15 ዓመት ይጨርሳል። በቀጣዩ ዓመት በየካቲት የወጣው ሕግ መጠኑን ወደ 8,000 ዶላር ከፍ አድርጎ መመለሱን አስቀረው፤ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ቢያንስ 36 ወር ከኖረ ማለት ነው። እንግዲህ ይታይዎት፤ በታኅሣሥ 2008 የገዛው ወንድም 15 ዓመት ሲከፍል፣ ከወር በኋላ በጥር የገዛችው እህቱ ምንም አልመለሰችም። የወሰነው ቀኑ ነው።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውም እንደሚመስለው አልነበረም። ሕጉ የጠየቀው በሕይወትህ ቤት ኖሮህ ያውቃል ወይ ብሎ አይደለም፤ ከግዢው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አንተም ሆንክ ባለቤትህ ዋና መኖሪያ የሚሆን የራሳችሁ ቤት ነበራችሁ ወይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በኪራይ የሚኖርና ቡኢ ላይ እናቱን ያስቀመጠበት ቤት በስሙ ያለ ሰው በዚህ ጥያቄ አይወድቅም፤ ቤቱ የእሱ ዋና መኖሪያ አይደለምና። ከወላጅ፣ ከልጅ ወይም ከትዳር ጓደኛ የተገዛ ቤት አይቆጠርም፤ ከወንድም የተገዛ ግን ይቆጠራል። ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ በላይ የሆነ ሰው ቅናሹ እየቀነሰበት ሄዶ ይጠፋል። ዕድሜ መጠየቅን መጀመሪያ ላይ ማንም አላሰበውም ነበር። በጥቅምት 2009 የግምጃ ቤቱ የግብር ጉዳይ ተቆጣጣሪ ለኮንግረሱ ቀርቦ፣ ቅናሹ ከተጠየቀላቸው መካከል ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ በመቶዎች እንዳሉና ትንሹ የአራት ዓመት ሕፃን እንደሆነ ተናገረ። በወሩ በወጣው ማሻሻያ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ሆነ። ሰው በሁሉም አገር ሰው ነው። ዛሬ ያ የፌዴራል ቅናሽ የለም፤ ውሉ እስከ ሚያዝያ 30፣ 2010 ላልተፈረመ ቤት በሩ ተዘግቷል። አሁን አሜሪካ ላይ «ለቤት ገዥ ይሰጣል» ሲባል የሚሰሙት የየግዛቱና የየከተማው ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ መስፈርት አለው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ለምን የለም? ደመወዝተኛ ከሆኑ ግብርዎ ብሩ እጅዎ ሳይገባ በአሠሪዎ በኩል ይቆረጣል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ከግብር ነፃ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 600 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው በእርከን እስከ 35 በመቶ ይቆረጥበትና ነገሩ ያልቃል። በዓመቱ መጨረሻ የሚሞሉት ቅጽ፣ «ዘንድሮ ቤት ገዝቻለሁ» ብለው የሚያመለክቱበት መስመር የለም። ቅናሹ የሚጻፍበት ወረቀት ከሌለ ቅናሹ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ቤት አከራይቶ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው የባንክ ወለዱን እንደ ወጪ ይቆጥርለታል። ከዚያው ባንክ በዚያው ወለድ ተበድሮ ገዝቶ ራሱ ለሚኖርበት መምህር ግን አይቆጥርለትም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የኪራይ ገቢ ከሌለ ወጪው የሚቀነስበት ነገር የለም። መምህሩን ግን ይህ ምክንያት አያጽናናውም።

ስለዚህ የእኛ ቅናሾች ያሉት ደመወዝ ላይ ሳይሆን ራሱ ቤቱ ላይ ነው፤ ሲገዛ፣ ስሙ ሲዛወር፣ ሲሸጥ። ከሽያጩ ልጀምር። ይህ ነገር ሲገዙ ካልታሰበበት ሲሸጡ አይስተካከልም።

ሕንፃ ሸጦ ያተረፈ ሰው በዚሁ አዋጅ ከትርፉ 15 በመቶ ይከፍላል። የራስ መኖሪያ ቤት ግን ነፃ ነው። የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 «ከመተላለፉ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ያገለገለ» ቤት ብሎ ነበር፤ የ2008ቱም ሙሉ በሙሉ በግል መኖሪያነት ያገለገለን ቤት ከዚህ ግብር አውጥቶታል። «ሙሉ በሙሉ» የምትለዋን ይዘው ቡኢን በዓይነ ኅሊናዎ ይዙሩ። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ፊቱ ሱቅ ነው፤ አንዷ ክፍል የባልትና ውጤት ይሸጥባታል፣ ሌላዋ ፀጉር ቤት ናት፣ ባለቤቶቹ ከኋላ ይኖራሉ። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተመድበው ለመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ይከራያል። ባለቤቱ «ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቤቴ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ግን ሱቋ የንግድ ፈቃድ የወጣባት አድራሻ ሆና ስትገኝ ክርክሩ ይጀመራል። ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው የኪራይ ውሎቹን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ከልብ የሚያናድደኝን ልንገርዎ። ቤት ሲገዛ የባለቤትነት ማዛወሪያ ሰነድ ላይ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ከዚህ ሌላ እንደየከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ ይታከልበታል። ይህን ለማሳነስ ሲባል ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ እንደ ብልህነት ይቆጠራል፤ ደላላውም ሻጩም ይስማማሉ። የወረቀቱን ስሌት እንየው። ቤቱን በ1,500,000 ብር ገዝተው ውሉ ላይ 700,000 አስጻፉ እንበል። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ካልጣለብዎ በቴምብር ቀረጥ ያተረፉት የ800,000 ብሩ 2 በመቶ ነው፤ 16,000 ብር። ከዓመታት በኋላ፣ ልጅዎ እየነገደበት ወይም እያከራዩት ቆይተው በ2,000,000 ሸጡት። እውነተኛ ትርፍዎ 500,000 ነው፤ ወረቀቱ ግን 1,300,000 ይላል። የዋጋ ንረት ማስተካከያውን ትተን፣ ባላተረፉት 800,000 ብር ላይ 15 በመቶ ሲሰላ 120,000 ብር ይሆናል። 16,000 ብር ለማዳን 120,000! በዚያ ላይ ነገሩ ተበላሽቶ ውሉ ፍርድ ቤት ቢፈርስ ሻጩ የሚመልሰው የተጻፈውን 700,000 ነው ብሎ ይሟገትዎታል። ቀሪውን በእጅ ስለ መስጠትዎ ምስክር የሚሆነው ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ አይገኝም።

ስለ ሽማግሌ ካነሳሁ የመንደር ውሉን ልጥቀስ። መስመር ባለው ወረቀት በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ ሦስት ምስክር ፈርሞበት፣ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም ነክሮ አትሞበት፣ አራት ታጥፎ መሶብ ሥር ወይም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለሰው ክብር ያለው ወረቀት ነው፤ በሽማግሌ ፊት የገባን ቃል መብላት እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ሕጉ ግን ሌላ ይጠይቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይሁን ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ይዞታል። ሻጩ መሸጡን ካልካደ ነገሩ ሊለዝብ ይችላል፤ ወራሾቹ ይክዱ አይክዱ ግን ማን ያውቃል? ከሁሉም በላይ በመንደር ውል የተያዘ ቤት በስምዎ ስላልዞረ ስለ የትኛውም ቅናሽ ሲጠየቁ የሚያቀርቡት ነገር አይኖርዎትም። ቤቱ አለዎት፤ ለመንግሥት ግን የሉም።

የከፋው ግን ከከተማው ክልል ውጭ ያለው ነው። የእንሰት ጓሮውን ወይም የእርሻ መሬቱን ቆርሶ የሚሸጥ ገበሬ አለ፤ «ነገ ከተማው ይደርስበታል» እያለ የሚያሻሽጥ ደላላም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማው ሲደርስበት ካሳና ምትክ የሚታሰበው ይዞታው በስሙ ለሚታወቀው ገበሬ እንጂ በመንደር ውል ለገዛው ሰው አይደለም። በዚህ መንገድ የባሕር ማዶ ልፋት የቀለጠባቸውን ስለማውቅ በዚህ ላይ ቃል አላለዝብም፦ አይግዙ።

ወደ ቦታ ምደባ ልምጣ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል ይላል። በምደባ ከሚስተናገዱት አንዱ መንግሥት የፈቀደው የራስ አገዝ ቤት ግንባታ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቦታ የሚያገኙት በዚህ በኩል ነው። በጨረታ ዋጋና በሊዝ መነሻ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለብዙ ቤተሰብ ከየትኛውም የግብር ቅናሽ ይበልጣል። ማኅበር መመሥረት ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እቁብ የምንጥል፣ የአለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለመሥራት አዋጥተን ድርጅት ያቆምን ሕዝብ ነን።

የምደባው መስፈርት በየክልሉ መመሪያ ይለያያል፤ አጥንቱ ግን ተመሳሳይ ነው። 18 ዓመት መሙላት፣ ለተወሰነ ዓመት የከተማው ነዋሪ መሆን፣ በራስም ሆነ በትዳር ጓደኛ ስም ቤት ወይም ቦታ አለመኖር፣ ለግንባታው የሚሆን ገንዘብ በማኅበሩ ስም በዝግ አካውንት ማስቀመጥ። አንዳንዱ መመሪያ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅንም ይጨምራል። ቡኢ ዛሬ ያለችው በነሐሴ 2015 በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ነው። ማዘጋጃ ሄደው ሲጠይቁ «የምትሠሩበት መመሪያ የቱ ነው? የወጣው በደቡብ ክልል ጊዜ ነው ወይስ አዲስ ነው?» ይበሉ፤ ቁጥሩንም ይጻፉ። በቃል የተነገረ መስፈርት ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

የአሜሪካው ሕግ «የት ትኖር ነበር?» ሲል የእኛው «በስምህ ምን ተመዝግቧል?» ይላል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይወጣል። የእኛ አካባቢ ቤተሰብ ደግሞ በሁለት ከተማ የተከፈለ ነው። ባል መርካቶ ይነግዳል፤ ሚስት ቡኢ ልጆች ታሳድጋለች፣ እንሰቱን ትፍቃለች። እሱ አዲስ አበባ ኪራይ ቤት ነው፤ እሷ በአማቷ ቤት። ሁለቱም ቤት አልባ ነን ይላሉ። ነገር ግን እሱ ከዓመታት በፊት ከጓደኛው ጋር ቡታጅራ ላይ በስሙ የገዛት ቦታ አለች፤ ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። እሷ ማኅበር ገብታ፣ ቆጥባ፣ ዕጣው ደርሷት፣ ማጣራቱ ሲደረግ ስሙ ይወጣል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘን ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታልና «የእኔ አይደለም» ማለት አያዋጣትም። ሴትዮዋ የወደቀችው ባላየችው ቦታ ነው።

ይህ «አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት» የሚለው አስተሳሰብ ሥሩ ሩቅ ነው። በሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ ነው የተወው። ትርፍ ቤት መያዝ ዛሬ ወንጀል አይደለም፤ የመንግሥትን ቅናሽ ለማግኘት በሚሞላው ቅጽ ላይ ግን የ1967ቱ ጥያቄ አሁንም በሕይወት አለ።

ጥያቄውን ለማምለጥ ሰው የማያደርገው የለም። የወረቀት ፍቺ አለ፤ ባልና ሚስት ጠዋት ፍርድ ቤት ተፋትተው ማታ አንድ ትሪ ይበላሉ። የ«ያላገባ» ማስረጃ ከአንድ ቀበሌ አውጥቶ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሌላ ከተማ ማስቀመጥ አለ። አዲስ አበባ እየኖሩ የቡኢ መታወቂያ መያዝም አለ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በተስፋፋ ቁጥር የሁለት ከተማ ነዋሪ መሆን እየከበደ ይሄዳል። የወረቀት ፍቺው ደግሞ ከሕግ በፊት ራሱን ይቀጣል፤ ቤቱ በሚስት ስም ከተገኘ በኋላ እውነተኛ ጠብ ሲመጣ ባል «ፍቺው ለወረቀት ነበር» ብሎ ሊከራከር ይሞክራል። በየትኛው አፉ?

ቦታውን ካገኙ በኋላም ጥያቄው አያበቃም። በሊዝ አዋጁ ግንባታ ሳይጀምሩ ወይም ግማሽ ሳያደርሱ ቢያስተላልፉ የሚደርስዎ የከፈሉት የሊዝ ገንዘብ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠሩት ሥራ ዋጋ፣ እንዲሁም ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ውርስ ሲሆን ይለያል። ቦታ ተቀብሎ አጥሮ አትርፎ መሸጥ ያሰበ ሰው ይህን አንቀጽ አላነበበም ማለት ነው፤ ወይም አንብቦ በመንደር ውል ሊሸጥልዎ ነው።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ለብዙ የቡኢ ልጆች የሚመለከት ስለሆነ ባልፈው አይሆንም። በ2005 በተደረገው ምዝገባ ነዋሪነትና በራስ ወይም በትዳር ጓደኛ ስም በከተማዋ ቤት አለመኖር ተጠይቋል፤ በ20/80 የቤት ፕሮግራም ባለ አንድ መኝታ የተመዘገበ በወር 274 ብር ይቆጥብ ነበር። ከሚወጣው ዕጣ 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ተለይቷል። ቤቱ ከደረሰ በኋላም ለአምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም። በሐምሌ 2014 የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ተካቶበት ስለተገኘ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደ አዲስ ወጥቷል። ቆጣቢው የራሱን መስፈርት አሟልቶ እንኳ የሌላውን ማሟላት ማንም ሳያጣራ ቢቀር የሚጎዳው እሱ ነው።

ከውጭ ለሚገዙ ዘመዶቻችን ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ዜግነት የቀየረ ሰው በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለው ቤት በስሙ ማፍራት ይችላል፤ ስለዚህ «በወንድሜ ስም ይሁንልኝ» የሚለው ልማድ ዛሬ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ወንድምዎ ቤቱን በስሙ ሲያዞር የራሱን የቦታ ምደባ ዕድል በእርስዎ ቤት ምክንያት ያጣል፤ ሚስቱም የጋራ ንብረቴ ነው ማለት ትችላለች። ውክልና ሲሰጡ ደግሞ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈ ተወካዩ የለውም፤ መግዛት ብቻ ከሆነ የፈለጉት መሸጥን አያስጽፉ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ቅናሽ እኛ ዘንድ የሚጻፍበት ወረቀት ከሌለው፣ ወረቀት ያለበት ቦታ ስም ማዛወሪያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መኖሪያ ቤት በስሙ የሚያዞር ቤተሰብ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ፣ እስከ ተወሰነ ዋጋ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሳለት መልካም ይመስለኛል። ውል ላይ ዋጋ የማሳነሱን ሰበብ ለእነዚህ ሰዎች ያስቀርላቸዋል፤ በመንደር ውል የተቀመጠውንም ብዙ ቤት ወደ ማዘጋጃው መዝገብ ያመጣል። የሚጠፋው ገቢ በጥር 2017 ምክር ቤቱ ባጸደቀው የንብረት ታክስ በጊዜ ብዛት ይካካሳል፤ ያልተመዘገበ ቤት ላይ ታክስ መጣል አይቻልምና። የወረቀት ፍቺውንና የሕፃን ስሙን ለመከላከል የአሜሪካኖቹን 36 ወርና የ18 ዓመት ገደብ ማየት ይበቃል፤ ሳይኖሩበት የሸጡ ወይም ያከራዩ ይመልሱ። ቴምብር ቀረጡ የፌዴራል አዋጅ ስለሆነ ለውጡ የሚመጣው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የምርጫ ክልላችን ተወካይ ለመስቀል ሲመጡ ከክትፎው ጋር ይህን ጥያቄ አቅርቡላቸው፤ እኔም እጠይቃቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቡኢ